ክረምት ላይ ልብስ ለማድረቅ ቬንትሌተር ይሻላል ወይስ ሂተር? ደሴ ያላችሁ ጠቁሙኝ

የሆጤዋ እናት፦ ሰላም ለሁላችሁ። የሦስት ወር ልጅ አለኝ። ሐምሌ ከገባ ወዲህ የልጄ ጨርቅ አልደርቅ ብሎኛል። ጠዋት ያሰጣሁት ማታም እርጥብ ነው፤ መሽተትም ጀምሯል። ቬንትሌተር ልግዛ፣ ሂተር ልግዛ ወይስ ላውንደሪ ልስጥ? የት እንደሚገኝም ንገሩኝ።

ፒያሳ፦ ሰኞ ገበያ ሂጂ። አባቴ ከሚገዛበት ሱቅ ውጭ እኔ ቬንትሌተር አልገዛም።

ጉም በጉም፦ ደሴ ላይ ቬንትሌተር? የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ እየዋለ ንፋስ አነሰን እንዴ!

ቧንቧ ውሃ፦ ላውንደሪ እንዳትሰጪ እህቴ። የእናቴን ጋቢ ሰጥቼ የሰው ጋቢ ነው የመለሱልኝ። የእናቴ ጥለቱ አረንጓዴ ነው፣ ራሷ የፈተለችው። ያመጡልኝ ቀይ ጥለት፣ ጫፉ የተቃጠለ። «ያንተ ነው» ብለው ድርቅ አሉ።

ሸዋ በር፦ ውይ! የእኔንም ነጠላ እንደዚሁ አድርገውታል። ደረሰኝ ይዘህ ነበር?

ቧንቧ ውሃ፦ ደረሰኙ ላይ «ጋቢ 1» ብቻ ነው የሚለው።

የቦርከና ልጅ፦ እኔ ኮምቦልቻ ነኝ። ቬንትሌተሬ ሲዞር ይንቋቋል፤ ምን ይሻለዋል?

ፒያሳ፦ ሰኞ ገበያ አምጣው አልኩ እኮ።

ጉም በጉም፦ ከሌላ ሱቅ ጋር አወዳድረህ ታውቃለህ?

ፒያሳ፦ ሌላ ሱቅ ምን ያስገባኛል?

የፊዚክስ መምህር፦ እህቴ፣ ሁለቱም ይጠቅማሉ፤ ሥራቸው ግን ይለያያል። ከእርጥብ ጨርቅ የሚወጣው ተን እዚያው ጨርቁ ላይ ያንዣብባል። የሚጠርገው ንፋስ ካጣ የቀረው ውሃ ቶሎ አይወጣም። ሻይ እፍ ሲባል የሚበርደውም በዚሁ ነው።

ውሃ ሲተን ሙቀት ይበላል። አንድ ሊትር ውሃ ለማትነን ወደ 0.68 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ቬንትሌተር ይህን አይሰጥም፤ ጨርቁ ሙቀቱን የሚወስደው ከክፍሉ አየር ነው። ቬንትሌተር ፊት ያለውን ጨርቅ ንኪው፣ ቀዝቃዛ ነው።

ሂተር አየሩን ያሞቃል፤ የሞቀ አየር ደግሞ ብዙ ተን ይይዛል። 10 ዲግሪ ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር ቢበዛ 9 ግራም ገደማ ነው የሚችለው፤ 20 ዲግሪ ላይ ግን 17። ሆኖም በር መስኮቱን ጥርቅም አድርገሽ ከዘጋሽ አየሩ ይጠግብና ውሃው መስታወቱ ላይ መንጠባጠብ ይጀምራል።

እኔ ሁለት እኩል ፎጣ አጥቤ ሞክሬዋለሁ። አንዱን ቬንትሌተር ፊት፣ ሌላውን ጥግ ሰቀልኩ። መስኮቱን ጣት በምታህል ክፍተት ተውኩት። ጠዋት የመጀመሪያው ደርቆ አገኘሁት፤ የጥጉ ጠርዙ ገና እርጥብ ነበር። ቬንትሌተሬ 50 ዋት ነው፤ ሂተሬ 2000። ካርድ ቆጣሪ ካለሽ ልዩነቱ ቶሎ ይገባሻል። ከሁሉ በፊት ግን አጥብቀሽ ጭመቂ፤ በእጅ የወጣ ውሃ መብራት አይበላም። ስትሰቅዪም ጨርቅ በጨርቅ ላይ አትደርቢ።

ጉም በጉም፦ ይሄስ አሳመነኝ። የጦሳ ንፋስ ቤት ውስጥ አይገባም ለካ።

ሸዋ በር፦ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ኮምቦልቻ እህቴ ጋ እልካለሁ። ከእኛ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትል ትሞቃለች። ዝናብ ከሌለ በግማሽ ቀን ይደርቃል።

አዋላጅ ነርስ፦ የኔ እናት፣ ከሰል አንድደሽ እንዳታደርቂ። ጭሱ ባይታይሽም ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ አለው። ሕፃን ያለበት ቤት ነው!

የሆጤዋ እናት፦ እግዜር ይስጥልኝ እትዬ። ትናንት ማታ እኮ ምድጃው አልጋው ሥር ነበር። አሁኑኑ አወጣሁት። መምህር፣ ቬንትሌተሩ ልጁ ላይ እንዳይነፍስ በየት በኩል ላዙረው?

የፊዚክስ መምህር፦ ጨርቁን መስኮቱ ጋ ስቀዪ፣ ቬንትሌተሩን ወደዚያው አዙሪ። ልጁ ከጀርባው ይሁን፤ ከተቻለ ሌላ ክፍል።

ፒያሳ፦ ሱቁ እሁድም ክፍት ነው።

የቦርከና ልጅ፦ ጋቢው ግን ተገኘ?

ቧንቧ ውሃ፦ አልተገኘም። እናቴ አሁንም ትጠይቀኛለች።