ለመመረቂያ ጥናቴ የአይብ ናሙና ከየት ልውሰድ?

ጠያቂ (የምግብ ሳይንስ ተማሪ፣ ደብረ ብርሃን)፦
የተከበራችሁ አባላት፣ እናቴ ለብዙ ዓመታት አይብ እየሸጠች አሳድጋናለች። ይሁን እንጂ አይቡ በሦስተኛው ቀን እርሾ እርሾ እየሸተተ አረፋ ስለሚያወጣ ብዙውን ጊዜ የቀረውን ለመድፋት ትገደዳለች። ቅቤው የወጣለትን አሬራ በዝግታ ታሞቃለች፤ አይቡ ከአጓቱ ሲለይም በጨርቅ አጥልላ፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ወደ ገበያ ትወስደዋለች። አማካሪዬ ከገበያ አሥር ናሙና ገዝቼ እንድመረምር ነግረውኛል፤ የጥናቱ ውጤት ለእናቴም እንዲጠቅማት ግን እፈልጋለሁ። ምን ልመርምር? ናሙናውንስ ከየት ልውሰድ?

መልስ፣ ከቤተ ሙከራ ባለሙያ፦
ከገበያ የተገዛ ናሙና አይቡ መበከሉን ያሳይዎታል እንጂ የት እንደተበከለ አያሳይዎትም። ስለዚህ የአንድ ቀን ሥራን ከመነሻው ተከትለው ከጥሬው ወተት፣ ከእርጎው፣ ከሞቀው አሬራ፣ ከተጠለለው አይብ እና ገበያ ከደረሰው አይብ ናሙና ይውሰዱ፤ በበረዶ ሣጥን አድርገውም በዚያው ቀን ቤተ ሙከራ ያድርሱ። ከእያንዳንዱ 25 ግራም በ225 ሚሊ ሊትር የፔፕቶን ውሃ (የናሙና ማቅጠኛ ፈሳሽ) በጥብጠው፣ በአሥር በአሥር እጥፍ እያቀጠኑ በአጋር (ተሕዋስያን በሚያድጉበት የረጋ ምግብ) ላይ ይዝሩ። ለኮሊፎርም (የንጽሕና ጉድለትን ለሚጠቁሙት ባክቴሪያዎች) ቫዮሌት ሬድ ባይል አጋር፣ ለስታፊሎኮከስ ኦሪየስ (ከሰው ቆዳና አፍንጫ ወደ ምግብ ለሚገባው ባክቴሪያ) ቤርድ ፓርከር አጋር፣ ለእርሾና ለሻጋታ ደግሞ በ25 ዲግሪ ለ5 ቀናት የሚቆይ ፖቴቶ ዴክስትሮዝ አጋር ይጠቀሙ። ቁጥሩ አሬራው ሲሞቅ ወርዶ አይቡ ከተጠለለ በኋላ እንደገና ከወጣ፣ ብክለቱ የገባው ከእሳቱ በኋላ በእጅ፣ በጨርቅ፣ በቅጠሉ ወይም በማጠቢያው ውሃ ሊሆን ይችላል። ቴርሞሜትርና የፒኤች (የኮምጣጣነት መጠን፤ ቁጥሩ ሲያንስ ኮምጣጣነቱ ይጨምራል) መለኪያ ከእጅዎ አይለዩ።

መልስ፣ ከወተት አምራች፦
በእኛ ዘንድ ዕቃው በወይራ ይታጠናል፤ አይብም ኮምጣጣ ስለሆነ ጀርም አይችለውም ይባላል። እኔ ግን ጨርቁን በየቀኑ ቀቅዬ ፀሐይ ላይ ማድረቅ ከጀመርኩ ወዲህ አይቤ ቶሎ መበላሸቱን ትቷል።

መልስ፣ ከማይክሮባዮሎጂ መምህርት፦
ኮምጣጣነቱ በእርግጥ ይረዳል፤ ፒኤች ከ4.6 በታች ሲሆን ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የተባለው አደገኛ መርዝ አመንጪ ባክቴሪያ አያድግም። እርሾ ግን ኮምጣጣ ይስማማዋል፤ አንዳንድ የኢ. ኮላይ (የአንጀት ባክቴሪያ) ዝርያዎችም አሲዱን ተቋቁመው ይቆያሉ። ከሁሉ በላይ የማሳስብዎ ስለ ስታፊሎኮከስ ነው፤ ወተቱ ሳይኮመጥጥ ለብ እንዳለ ብዙ ሰዓት ከቆየና ባክቴሪያው በብዛት ከተራባ የሚያመነጨውን መርዝ ማፍላት እንኳ አያጠፋውም። ስለዚህ በአሬራው ላይ ባክቴሪያውን በቁጥር ባያገኙትም መርዙ የለም ብለው አይደምድሙ። እናትዎ ወተቱን በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ማሞቅ ቢጀምሩ እጅግ መልካም ነው፤ ሆኖም ይህ የሚያረጉትን ባክቴሪያዎችም ስለሚቀንስ፣ ወተቱ ከቀዘቀዘ በኋላ በንጽሕና ከተያዘ ጥሩ እርጎ ጥቂት ሊጨምሩበት ይገባል።

ጠያቂ፦
ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ የአሬራውን ሙቀት ስለካ 52 ዲግሪ ሆኖ አገኘሁት። እናቴ ግን ከዚህ በላይ ከሞቀ አይቡ ይደርቃል፣ ገዢም አይወደውም ትላለች።

የቤተ ሙከራ ባለሙያው፦
እንግዲያው አንዱን አሬራ ለሁለት ከፍለው፣ ግማሹን እንደ እናትዎ ልማድ፣ ግማሹን በ65 ዲግሪ ይሥሩት። ሁለቱንም በተቀቀለ ጨርቅ አጥልለው እስከ አምስተኛው ቀን በየቀኑ ይቁጠሩ፤ ጣዕሙን ደግሞ እናትዎ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይነገራቸው ይፍረዱ።