የሰባት ማኅበራትና እድሮች የጋራ ፕሮፖዛል፦ ሦስተኛ ረቂቅ፣ አርብ 11 ሰዓት ይዘጋል

ጸሐፊ (የወጣቶች ማኅበር) — ሰኞ ከምሽቱ 1፡40
ሦስተኛውን ረቂቅ ጭኛለሁ። መግቢያው ላይ ስለ ዘርዓ ያዕቆብና ከሰማይ ስለታየው ብርሃን የነበረችው አንድ ገጽ ወጥታለች። ይቅርታ፣ ለጋሹ ደብረ ብርሃን በ15ኛው ክፍለ ዘመን መቆርቆሯን ለማወቅ ብር አይከፍልም። የቀረው ሁለት ነገር ነው። ሰፈር ለማልማት የሚለፉትን ትንንሽ ማኅበራት በምዝገባ፣ በሒሳብና በኦዲት የሚያግዝ የጋራ ጠረጴዛ። ከዚያ የጎርፍ ቦዩንና የበሬሳ ወንዝ ዳር ቆሻሻን ይዘን ከተማ አስተዳደሩ ፊት አንድ ላይ መቅረብ። ጠቅላላ 620,000 ብር። የኛ ድርሻ በዓይነት 120,000፣ ዝርዝሩ ገጽ 7 ላይ አለ። አስተያየት እስከ ረቡዕ።

ገንዘብ ያዥ (የሴቶች ቁጠባ) — ሰኞ ከምሽቱ 2፡05
የስልጠናው ሻይ ቡና በጣም ትንሽ ነው። ማኪያቶ ጠጥቶ የማያውቅ ሰው ነው የጻፈው። ሌላው ደህና ነው።

የእድር ዳኛ (ታችኛው ሰፈር) — ሰኞ ከምሽቱ 3፡30
ገጽ 7፣ ተራ ቁጥር 3፦ «ድንኳን፣ 1፣ 85,000 ብር»። ይሄ የለቅሶ ድንኳን ነው። ማን ፈቀደ? ስልጠና ሊሰጥበት ነው? ደህና ሰው ሬሳ በወጣበት ድንኳን ቁጭ ብሎ ኦዲት ይማራል? ሟርት ነው። ይውጣ።

ጸሐፊ — ሰኞ ከምሽቱ 3፡42
ጋሼ፣ ማንም አይተክለውም። በዓይነት መዋጮ ማለት ያለንን ንብረት ተምነን ማሳየት ነው። ወረቀት ላይ ብቻ ነው።

የእድር ዳኛ — ሰኞ ከምሽቱ 3፡50
ወረቀት ላይማ ይብሳል።

የበሬሳ ልጅ — ሰኞ ከምሽቱ 3፡58
ሰርግም ይተከልበታል እኮ። እኅቴን የዳርነው በምንድን ነው?

የእድር ዳኛ — ሰኞ ከምሽቱ 4፡02
የእኅትህ ጊዜ ነጩ ነው፣ የኪራይ። ይሄ አረንጓዴው ነው። ሳታውቅ አትጻፍ።

የቀድሞ ሒሳብ ሹም — ማክሰኞ ከጠዋቱ 1፡15
85,000 ከየት መጣ? በ2006 ሲገዛ 14,000 ነው። ደረሰኙ እኔ ጋ አለ። ደግሞ አንድ ጎኑ በሻማ ተቃጥሎ በማዳበሪያ ከረጢት ተጥፏል። ውስጥ ተቀምጣችሁ ቀና ብትሉ «50 ኪሎ» የሚለው ጽሑፍ ተገልብጦ ይነበባል። እኔ የአባቴን ለቅሶ ሦስት ቀን ሙሉ እሱን ሳነብ ነው የጨረስኩት። ለጋሹ መጥቶ አሳዩኝ ቢል ምን ልንለው ነው?

ከላይኛው እድር — ማክሰኞ ከጠዋቱ 2፡20
ከተነሳ እንግዲህ ይነሳ። ድንኳኑ የታችኛው ሰፈር ብቻ አይደለም። ግማሹን ያዋጣነው እኛ ነን። በ2009 ስንለያይ ብረት ድስቶቹን ይዘን ድንኳኑን የተውነው «ለጊዜው» ተብሎ ነው። እስከ ዛሬ ለጊዜው ነው። ከተመዘገበ በሁለታችን ስም ይመዝገብ።

የእድር ዳኛ — ማክሰኞ ከጠዋቱ 2፡31
ብረት ድስቶቹስ? ሦስቱ የት ገቡ?

ከላይኛው እድር — ማክሰኞ ከጠዋቱ 2፡33
አንዱ ተበሳ።

የእድር ዳኛ — ማክሰኞ ከጠዋቱ 2፡34
ሦስት ነው ያልኩት።

ጸሐፊ — ማክሰኞ ከረፋዱ 4፡00
እባካችሁ የ2009ኙን አታንሱት። ረቡዕ ነገ ነው።

ወደ ሕጉ (የወጣቶች ማኅበር አባል) — ማክሰኞ ከቀኑ 7፡45
ድንኳኑን ትታችሁ ገጽ 2ን እዩ። አመልካቹ «የሰባቱ ማኅበራትና እድሮች ኅብረት» ይላል። እንዲህ የሚባል አካል የለም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 እድርና እቁብን አይመለከትም፣ ከአዋጁ ተለይተው ወጥተዋል። ስለዚህ አመልካቹ የተመዘገበው የወጣቶች ማኅበር ይሁን፣ እድሮች በአጋርነት ይፈርሙ።

ሌላው፣ «ውትወታ» (አድቮኬሲ) የሚለውን ፈርታችሁ «የግንዛቤ ሥራ» አድርጋችሁታል። በቀድሞው አዋጅ 621/2001 ዘመን ከውጭ ከ10 በመቶ በላይ የሚያገኝ ማኅበር የመብት ጉዳይ እንዳይነካ ተከልክሎ ነበር። ያንን አዋጅ የ2011ዱ ሽሮታል። ቦይ ይጠረግልን ለማለት ምን ያስፈራል? በስሙ ጻፉት።

አስተዳደራዊ ወጪ ደግሞ ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። እናንተ 167,000 ጽፋችኋል፣ 27 በመቶ ነው። ምዝገባችን የክልል ቢሆንም ለጋሹ የሚያየው ይሄንኑ ነው።

የእድር ዳኛ — ማክሰኞ ከቀኑ 8፡10
አጋር? አባቶቻችሁን የቀበረ እድር ከልጆች ሥር ይፈርማል? ድንኳናችንን ሲፈልጉ ንብረት፣ ፊርማ ላይ ሲደርስ አጋር። በሉ፣ እኔ ወጥቻለሁ። ማኅተሜንም ይዤ ወጥቻለሁ።

ከሸዋ ሮቢት — ማክሰኞ ከቀኑ 9፡25
እኛም እንግባ ብለን ነበር። ድንኳን ይህን ያህል ካስቸገራችሁ ወደኛ ውረዱ። እኛ ዛፍ ሥር ነው የምንሰበሰበው።

አዲስ አበባ ያለሁት — ማክሰኞ ከምሽቱ 1፡00
ሰላም ለሁላችሁ። የእንግሊዝኛ ትርጉሙን ለኔ ተዉት። ነገ ማታ እጃችሁ ይገባል።

ገንዘብ ያዥ — ማክሰኞ ከምሽቱ 3፡20
ልብ ብላችሁ አንብቡኝ። ባለፈው ነሐሴ ቦዩ ሲሞላ ከኔ አጥር ኋላ ያለችው ሴትዮ ቤት ውኃው በበሩ ገባ። እንጀራ ሻጭ ናት። ጠዋት ስሄድ ምጣዷን ገልብጣ ጭቃውን በማንኪያ ትፍቃለች። ቡሆው ላይ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይንሳፈፋል። ክፍለ ከተማ ሦስት ጊዜ ሄድን። «ተደራጅታችሁ ኑ» ተባልን። ይኸው ተደራጅተናል። አሥራ ሰባት መልእክት ቆጥሬያለሁ፣ አሥራ ሦስቱ ስለ ድንኳን ነው። ቦዩን ያነሳው አንድ ሰው ነው።

የበሬሳ ልጅ — ማክሰኞ ከምሽቱ 3፡26
አሥራ አራት ነው፣ የርስዎም ስለ ድንኳን ነው። (እየቀለድኩ ነው እትዬ።)

የእድር ዳኛ — ረቡዕ ከጠዋቱ 12፡40
ትናንት ተናድጄ ነው። ወጣሁ ያልኩትን ተዉት። የሴትዮዋን ምጣድ ጉዳይ አላውቅም ነበር፣ እድራችን ውስጥ ናት፣ ማወቅ ነበረብኝ። በአጋርነት እንፈርማለን። ግን ስማችን ከላይ ይጻፍ። ድንኳኑ ደግሞ ይውጣ።

ጸሐፊ — ረቡዕ ከጠዋቱ 3፡10
ይውጣ። ግን ለጋሹ ቢያንስ 15 በመቶ የራስ ድርሻ ይላል፣ 93,000 ማለት ነው። ድንኳኑ ሲወጣ 35,000 ብቻ ቀረን።

ገንዘብ ያዥ — ረቡዕ ከጠዋቱ 3፡35
ጉልበት ቁጠሩ። 40 ሰው፣ አራት ቅዳሜ ቦይ ጠረጋ፣ በቀን 400 ብር፦ 64,000። ከ35,000 ጋር 99,000። አለቀ። ፈርሞ የሚቀር ግን ይቀጣል።

ከላይኛው እድር — ረቡዕ ከቀኑ 6፡15
አንድ ሐሳብ አለኝ። ጭቅጭቁን ሁሉ ያመጣው አሮጌው ድንኳን ነው። ለምን በፕሮጀክቱ አዲስ አንገዛም? ለስልጠናም፣ ለስብሰባም፣ ለሰርግም የሚሆን። የለቅሶው ለለቅሶ ይቅር። ከነወንበሩ 190,000 ይበቃል፣ ዋጋ ጠይቄያለሁ።

የእድር ዳኛ — ረቡዕ ከቀኑ 6፡18
ይሄ ጥሩ ነው።

የቀድሞ ሒሳብ ሹም — ረቡዕ ከቀኑ 6፡40
ጥሩ ነው። ነጭ ይሁን፣ ሸራው ወፍራም ይሁን። የኛ ብርድ ስስ ሸራ አይችልም፣ በኅዳር ውርጩ ውስጥ ነው የሚያድረው።

ወደ ሕጉ — ረቡዕ ከቀኑ 8፡00
190,000 ከየት ተቀንሶ? ድምሩ እኮ 620,000 ነው።

ጸሐፊ — ረቡዕ ከምሽቱ 2፡50
ስልክ ተደዋውለን የደረስንበት ይኸው። አስተዳደራዊ ከ167 ወደ 120 ሺህ ወርዷል፣ ከ20 በመቶ በታች ነው። የጋራ ጠረጴዛው ከ240 ወደ 130 ሺህ። ውትወታው ከ110 ወደ 77 ሺህ። ስልጠናው 103 ሺህ እንዳለ ነው። ድንኳንና ወንበር 190 ሺህ። የሒሳብ ባለሙያው ለዓመት መሆኑ ቀርቶ ለስድስት ወር ነው። እኔ ደስ አላለኝም፣ ግን አምስት ለሁለት ነው።

ገንዘብ ያዥ — ረቡዕ ከምሽቱ 3፡05
ሁለቱ እኔና አንተ ነን?

ጸሐፊ — ረቡዕ ከምሽቱ 3፡06
አዎ።

ወደ ሕጉ — ሐሙስ ከጠዋቱ 2፡30
ርዕሱም ይቀየር እንግዲህ። «ማኅበራትን ማጠናከርና የጋራ ድምፅ» ይላል፣ ትልቁ ወጪ ግን ሸራ ነው።

የበሬሳ ልጅ — ሐሙስ ከጠዋቱ 2፡41
«በአንድ ጥላ ሥር» ብንለው? አይዋሽም።

ጸሐፊ — ሐሙስ ከምሽቱ 1፡20
ተቀይሯል። ትርጉሙ ግን አልደረሰኝም። አዲስ አበባ ያለኸው፣ አለህ?

ጸሐፊ — ሐሙስ ከምሽቱ 4፡00
ስልኩም አይነሳም። ቁጭ ብዬ እየተረጎምኩ ነው። «ውትወታ»ን ሁለት ጊዜ አጥፍቼ ጻፍኩት። «እድር»ን እንዳለ ትቼዋለሁ።

ጸሐፊ — አርብ ከጠዋቱ 1፡50
ጨርሻለሁ። የቀረው የሦስት እድሮች ማኅተም ብቻ ነው። ሁለቱን አስመትቻለሁ። ጋሼ፣ ቤትዎ ሄጄ በሩ ዝግ ነው።

ከላይኛው እድር — አርብ ከጠዋቱ 2፡05
ትናንት ማታ አንኮበር ወርደዋል፣ የአጎታቸው ተዝካር ነው። ማኅተሙ ከኪሳቸው አይለይም።

የቀድሞ ሒሳብ ሹም — አርብ ከጠዋቱ 2፡07
ድንኳኑንም ጭነው ነው የሄዱት። ገመዱን ያሰርኩት እኔ ነኝ።

ጸሐፊ — አርብ ከጠዋቱ 2፡08
የአንኮበር መኪና በስንት ሰዓት ነው የሚወጣው?