አስቸኳይ፦ ጉንፋኑ ሊለቃቸው ሲል ትንፋሽ አጠራቸው

ጠያቂዋ (ኮዬ ፈጬ)፦ ማን አለ? አባቴ 61 ዓመታቸው ነው። ኃይለኛ ጉንፋን ከያዛቸው 5ኛ ቀናቸው፤ ትኩሳቱ በርዶላቸው ነበር። አሁን ጋደም ሲሉ ትንፋሽ እያጠራቸው ቁጭ ብለው ነው ያሉት። ልባቸው ይደልቃል፣ እግራቸው አብጧል። ፋርማሲ ሳይዘጋ የትኛውን አንቲባዮቲክ ልግዛ?

ደጉ ሰው፦ ምች ነው። ዳማከሴ ጨምቀሽ አጠጪያቸው፣ ትኩስ ነገር በላይ በላዩ ስጪያቸው።

ነርስ (ቱሉ ዲምቱ)፦ አንቲባዮቲኩን እርሺው፣ ፈሳሽም አታብዢባቸው። ጋደም ሲሉ የሚብስ ትንፋሽ ማጠር ከእግር እብጠት ጋር ሲመጣ፣ ልብ ደሙን መግፋት አቅቶት ሳንባ ውሃ እየቋጠረ ሊሆን ይችላል። አሁኑኑ አምቡላንስ 907 ደውይ። እስኪመጡ ትራስ ተደግፈው ቁጭ ይበሉ፣ እግራቸው ወደ ታች ይንጠልጠል። ደረጃውን በእግራቸው እንዳይወርዱ፤ ወንበር ላይ አስቀምጣችሁ ለሁለት ተሸከሟቸው።

ብሎክ 14፦ ሊፍት ያለው ዕጣ የደረሰው ሰው አለ እንዴ? ሃሃ

ተከራካሪ፦ ሰው አታስደንግጡ። ጉንፋንን ከልብ ጋር ምን አገናኘው? ይሄ የሳንባ ምች ነው።

ፋርማሲስት፦ የሳንባ ምችም ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው ግን በራጅ፣ በኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ የሚያነብ ምርመራ)፣ በትሮፖኒን ምርመራ (የልብ ጡንቻ መጎዳቱን የሚያሳይ የደም ምርመራ) እና በልብ አልትራሳውንድ እንጂ በስልክ አይደለም። ኢንፍሉዌንዛ፣ ኃይለኛው ጉንፋን ማለት ነው፣ የልብ ጡንቻን ሊያስቆጣ፣ የልብ ደም ሥር ውስጥም ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል። በ2018 የወጣ የካናዳ ጥናት፣ ኢንፍሉዌንዛ በላብራቶሪ ከተረጋገጠ በኋላ ባሉት 7 ቀናት ሃርት አታክ የመከሰት ዕድሉ 6 እጥፍ ገደማ እንደሚሆን አሳይቷል። እህቴ፣ ምን ምን መድኃኒት ወስደዋል?

ጠያቂዋ፦ ለቁርጥማቱ ዳይክሎፌናክ መርፌ ሁለቴ ተወግተዋል። የግፊት ኪኒናቸውን ደግሞ ጉንፋኑ እስኪለቃቸው ብለው ትተውታል።

ፋርማሲስት፦ ይሄን እኮ መጀመሪያ ነበር መናገር! ዳይክሎፌናክ ጨውና ውሃ ሰውነት ውስጥ ያስቀራል፣ ግፊት ይጨምራል፤ ለደከመ ልብ ቤንዚን ማርከፍከፍ ነው። እንዳይደገም፤ አይቡፕሮፌንም ያው ነው። ትኩሳቱ ከተመለሰ ፓራሲታሞል ባለ 500 ሚሊግራሙ፣ 2 ፍሬ በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ8 ፍሬ ሳያልፍ። የግፊቱን ኪኒን በራሳችሁ አታስጀምሯቸው፤ ሁሉንም በፌስታል ይዘሽ ለሐኪሙ አሳዪ። ስለ ኦሴልታሚቪርም (የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ መድኃኒት) ጠይቂ። ባለ 75 ሚሊግራሙ በቀን 2 ጊዜ ለ5 ቀን ነው፤ በ48 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ይሻላል፣ ለጠናበት ሰው ግን ዘግይቶም ይሰጣል።

የአቃቂው፦ 907 ደውሉ። ካልተነሳ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939። እሱም እንቢ ካለ የጎረቤት መኪና ይዛችሁ ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል። በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ግቡ፣ ካርዱን ሌላ ሰው ያውጣ።

ደጉ ሰው፦ ዳማከሴውስ?

ነርስ (ቱሉ ዲምቱ)፦ ያሽትቱት፤ መጠጣቱ ይቅር።

ተከራካሪ፦ ለማንኛውም የሳንባ ምች ነው ብያለሁ።