አንድ ስም፣ ሁለት የጥምቀት መዝገብ፦ ቅድመ አያቴ የትኛዋ ናት?

የእናቴን አያት ታሪክ እየፈለግኩ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የ1911 የጋብቻ መዝገቧ ዕድሜዋን 22 ይላል። በ1958 የሞት ምስክር ወረቀቷ ላይ ደግሞ 74 ተብሏል። በመጀመሪያው በ1889፣ በሁለተኛው በ1884 ገደማ ተወልዳለች ማለት ነው፤ አምስት ዓመት ይጋጫል። ያኔ ዕድሜ በግምት ስለሚሞላ መጀመሪያ ብዙም አላስጨነቀኝም።

ነገሩ የተወሳሰበብኝ የጥምቀት መዝገቡን ሳገላብጥ ነው። በ1884 አንዲት ሕፃን፣ በ1889 ሌላ ሕፃን። ስማቸው አንድ ነው፤ የእናትና የአባታቸው ስምም አንድ። የሞተ ልጅን ስም ለሚቀጥለው የሚሰጡ ቤተሰቦች እንደነበሩ አውቃለሁ። በ1884ቷ ስም ጎን ደግሞ ትንሽ መስቀል አለ። ቀለሙ ከጽሑፉ ጠቆር ይላል፤ የእጅ ጽሑፉም የሌላ ሰው ነው። ቆይቶ የተጨመረ ይመስለኛል።

የቀብር መዝገቡን ጠየቅኩ። ከ1885 እስከ 1888 ያለው ክፍል ውሃ ገብቶበት አይነበብም። የክርስትና እናቶቻቸው ስም ይለያያል፤ ሁለቱንም ሌላ ቦታ ላይ ላገኛቸው አልቻልኩም። የእህት ወንድሞቿን መዝገብም አየሁ፣ ፍንጭ የለውም። በሕይወት ካሉት ውስጥ ቅድመ አያቴን የሚያውቃት ሰው እናቴ ብቻ ናት። መልሱን እሷ እያለች ላገኘው እፈልጋለሁ።

የቀብር መዝገቡ ካልተነበበ፣ የመጀመሪያዋ ልጅ በሕፃንነቷ መሞት አለመሞቷን በየትኛው ዓይነት መዝገብ ማረጋገጥ እችላለሁ?