ቀይ ጭራ ጉፒዬ ዘሩ እየተበላሸ ነው፣ ምን ላድርግ?

ጠያቂ (አዘዞ)፦
ሰላም ናችሁ? ከዓመት በፊት ጉፒ ከሚባሉት ትንንሽ የገንዳ አሳዎች ጭራው እሳት የመሰለ አንድ ወንድና ሁለት ሴቶች ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ልጆቻቸው ሲያድጉ ገሚሱ ወንድ ቀይ፣ ገሚሱ ዝንጉርጉር ሆነ። ቀዮቹን መርጬ ከእህቶቻቸው ጋር አዳቀልኩ። አሁን ሦስተኛው ትውልድ ላይ ነኝ። ትናንት ማታ በባትሪ ሳያቸው አራቱ ጀርባቸው ጎብጧል፣ አንዷማ ስትዋኝ ጭራዋ ወደ ታች ይጎትታታል። አንጀቴን በላችው። ምን አጠፋሁ?

መልስ (ማራኪ)፦
ወንድሜ፣ ዝንጉርጉሮቹ የቀዩ ወንድ ጉፒህ ልጆች ላይሆኑ ይችላሉ። ሴት ጉፒ የወንዱን ዘር ሆዷ ውስጥ ለወራት ታቆያለች፤ አንዴ ተገናኝታ ደጋግማ ትወልዳለች። ከሱቅ ስትመጣ ከማን እንዳረገዘች በምን ታውቃለህ? ስለዚህ ሴቶቹን ገና በአንድ ወራቸው ለያቸው። ሆዳቸው ሥር ያለውን ክንፍ እይ፤ እንደ ማራገቢያ ከተዘረጋ ሴት ናት፣ ቀጥኖ እንደ ስንጥር ከሾለ ወንድ ነው። ደግሞ ብዙው የወንዱ ቀለም በዋይ ክሮሞሶም (ወንዱ ብቻ በሚይዘው የዘር ተሸካሚ) ስለሚሄድ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ይወርዳል። ዮሐንስ ሽሚት የተባለ ዴንማርካዊ እ.ኤ.አ. በ1920 ይህን ያሳየው በዚችው በጉፒ ነው። ሴቷም የራሷን ታወርሳለች፣ ግን ላይዋ ላይ ስለማይታይ ወንድሞቿን አይተህ ነው የምትመርጣት።

መልስ (ፒያሳ)፦
እኔ ስለ ጎበጡት ልናገር። እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት እንቆጥር የለ? ጉፒ ያን ያህል ባይፈልግም፣ እህትና ወንድም ትውልድ በትውልድ ሲዳቀሉ ተደብቆ የኖረ ጉድለት ከእናትም ከአባትም ይገጥምና ብቅ ይላል። እኔ አንድ ጎባጣ ወንድ ቀለሙ አሳስቶኝ አዳቅዬው ልጆቹን ሳይ አልቅሻለሁ። አንተ እንዳታደርገው። ግን የጎበጠ ሁሉ በዘር አይደለም፣ የአሳ ቲቢም ያጎብጣል። ትልልቆቹም እየከሱ ከጎበጡ በሽታውን ጠርጥር፤ ወደ ሰው ቆዳም ስለሚተላለፍ እጅህ ቁስል ካለው ውሃው ውስጥ አታስገባ። ሁለቱ እናቶች አሉ? ካሉ የየእናቱን ልጆች በየገንዳው ለይተህ አሳድግ፣ ከጥቂት ትውልድ በኋላ ታገናኛቸዋለህ። የጎንደር ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ማሞቂያውን 25 ዲግሪ ላይ አድርገው።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቶቹ አሉ፣ ልጆቹን ግን ደባልቄያቸዋለሁ። አንዷ እናት ሆዷ ሥር ያለው ጥቁር ነጥብ ሰፍቷል፣ ልትወልድ ነው መሰለኝ። ለብቻዋ ገንዳ አዘጋጅቻለሁ፤ ውሃውም ክሎሪኑ እንዲወጣ ከትናንት ጀምሮ በበርሜል ተቀምጧል።