በድሬ ሙቀት የሚመች የሽጉጥ አፎት ጠፋኝ

ሰላም የድሬ ልጆች፣ እስኪ አንድ ነገር አማክሩኝ። በጦር መሣሪያ አዋጅ 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ያለው ማካሮቭ ሽጉጥ አለኝ። ሱቅ ዘግቼ ከመጋላ ወደ ሳቢያን ስገባ ነው የምታጠቀው። ችግሬ ሽጉጡ አይደለም፣ ማደሪያው ነው።

አሁን ያለኝ ስስ የቆዳ አፎት ነው፣ ሱሪ ውስጥ የሚገባ። የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ማታ ሳወልቀው ቆዳው በላብ ርሶ ይጨመቃል። ባለፈው ሳምንት እጀታው ሥር ቡናማ ዝገት አገኘሁ። ዘይት ቀባሁት፤ ዘይቱ ደግሞ ሸሚዜን አበላሸ! ባጃጅ ላይ ስቀመጥማ የሽጉጡ ቂጥ ጎድኔን ይወጋኛል። ወደ ኋላ ሳዞረው ሸሚዙ ላይ ጉብ ብሎ ይታያል። ኮት ልበስ እንዳትሉኝ ብቻ።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሽጉጡን ሳወጣው የአፎቱ አፍ ይከደናል። ስመልሰው የላላው ቆዳ ምላጩ ጋ እንዳይገባ እፈራለሁ። መጠበቂያውን ሁሌ እቆልፋለሁ፣ ግን በሱ ብቻ መተማመን ደስ አይልም።

ጠንካራ ፕላስቲክ የሚጠቀም አለ? በላብ ገላ አይልጥም? ወይስ ወፍራም ቆዳ አስፍቼ ከኋላው ላብ የሚከለክል ገበር ላስደርግ? ሐረር ውስጥ ቆዳ በደንብ የሚሰፋ ሰው የምታውቁ ጠቁሙኝ። ቀበቶዬም ስስ ነው፣ ምናልባት የሚያንሸራትተው እሱ ይሆን?