«ጥያቄ ቅንጦት ነው» ያልከው መምህር፣ እስቲ ና ወዲህ

የሳሪሷ እናት፦ ትናንት ከሥራ ስመለስ ታክሲው ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቷል። አንዱ የትምህርት አማካሪ ነኝ ባይ «መምህሩ የተማሪ ጥያቄ እያስተናገደ ምዕራፍ ከሚያስተርፍ፣ ዝም አሰኝቶ ቢጨርስ ይሻላል» ይላል። ጋዜጠኛውም «ትክክል!» አለው። ደሜ ፈላ። የኔ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ናት። ስለ ፎቶሲንተሲስ ሲማሩ «ታዲያ ዛፍ ማታ ፀሐይ በሌለበት ምን ይበላል?» ብላ ጠየቀች። መምህሯ ምን ቢሏት ጥሩ ነው? «ይሄ ፈተና ላይ አይመጣም፤ ቁጭ በይ።» ከዚያ ወዲህ እጇን አታወጣም። እስቲ ፍረዱኝ።

ጠመኔ፦ እህቴ፣ ልጅሽን ያሳድግልሽ። ግን ክፍሉን ገብተሽ አይተሽዋል? እኔ የማስተምረው 70 ልጅ የታጨቀበት ክፍል ነው። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ስም ጠርቼ፣ ሰሌዳ አጥፍቼ፣ ኋላ የሚንጫጩትን አስቀምጬ 30 ቢቀረኝ ነው። ሁሉም እየተነሳ ቢጠይቅ መቼ ላስተምር ነው? ምዕራፍ ሳልጨርስ ብቀር ደግሞ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ቀድማ የምትገኘው አንቺው ነሽ። በኛ ክፍል ጥያቄ ቅንጦት ነው። አለቀ።

የድሮ ተማሪ፦ «ጥያቄ ቅንጦት ነው»! ፍሬም አስገብተህ መምህራን ክፍል ስቀለው እንጂ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እዚህ አሜሪካ ልጄ ካልጠየቀ መምህሯ ደውላ «ቤት ውስጥ ችግር አለ ወይ?» ነው የምትለኝ።

ጠመኔ፦ «እዚህ አሜሪካ» ተጀመረ። ክፍሉ ውስጥ ስንት ናቸው?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ 24።

ጠመኔ፦ በል ተወኝ።

የድሮ ተማሪ፦ መምህር፣ ቅንጦቱን ቀንሰንልህ እኮ አይተነዋል። እኛ የፕላዝማ ልጆች ነን፤ ትምህርቱ በቴሌቪዥን የሚሰጠን። በ1997 መጣ፤ ከደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ፣ በእንግሊዝኛ። ቴሌቪዥን ደግሞ እጅ ብታወጣ አያይህ። መልመጃ ይሰጠናል፣ ገና ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ «በጣም ጥሩ» ብሎን ያልፋል። መምህራችን ከኛ ጋር ቆመው ያያሉ። የምንጠይቀው መብራት ሲጠፋ ነበር። ምዕራፉ ግን በሰዓቱ አልቋል፣ እሱን አልክድም።

የሳሪሷ እናት፦ እሺ፣ ምዕራፉ አለቀ እንበል። ውጤቱስ? 12ኛ ክፍል በ2014 ከተፈተነው ግማሹን ያመጣ 3.3 ከመቶ። በ2015 3.2። በ2016 5.4። ቅንጦቱን አስቀርታችሁ ያተረፋችሁት ይሄን ነው?

ጠመኔ፦ አታምታቺ። ያ ቁጥር የወረደው ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ ኩረጃ ስለቀረ ነው። ድሮም እውነቱ ያው ነበር፣ አሁን ታየ።

የድሮ ተማሪ፦ ኩረጃው ከየት መጣ ታዲያ? በ2008 ፈተናው አስቀድሞ ወጥቶ አገር ምድሩ ፈተና የተሰረዘበትን ረሳኸው? ለ12 ዓመት «መልሱን ብቻ» ያልከው ልጅ መልሱን ገዛ። ያላገኘው ደግሞ «ሲ» ላይ አጥቁሮ ወጣ።

የቆሎ ተማሪ፦ ሁላችሁም ዘመናዊውን ብቻ ታወራላችሁ። ቅኔ ቤት የገባ የሰውን ቅኔ አይደግምም፤ የራሱን ቆጥሮ የኔታ ፊት ይነግራል፣ ሲሳሳት ይታረማል። ትርጓሜ ቤት አንዱን ቃል «አንድም» እያሉ ሲያገላብጡት ይውላሉ። ሙግታችንም «ተጠየቅ» ብሎ ነበር የሚጀመር። ይሄ አገር ጥያቄን ከፈረንጅ አልተዋሰም።

የድሮ ተማሪ፦ «አንድም» የምትባባሉት ትርጓሜ ቤት ስትደርሱ ነው፣ ስንት ዓመት ደጅ ጠንታችሁ። ፊደል ስትቆጥር «ሀ ለምን ብዙ ሆነ?» ብለህ ጠይቀሃል?

የቆሎ ተማሪ፦ ጠይቄ ኮርኩም ቀምሻለሁ። ግን ይኸው አልረሳሁትም።

የግብርና ተማሪ፦ ክርክሩ ይቀጥልና የልጅቱን ጥያቄ የመለሰ የለም። ዛፍ ቀን ፀሐይ እያለ የሠራውን ስኳር ከፊሉን ስታርች አድርጎ ያስቀምጣል። ማታ እሱን እየሰበረ ይጠቀማል፤ እንደኛው ኦክስጅን ያስገባል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል።

ሰላም ይሻላል፦ ለዚህ ነዋ ማታ ዛፍ ሥር አትተኙ የሚባለው!

የግብርና ተማሪ፦ ኧረ! የሚያስወጣው ትንሽ ነው። አጠገብህ የተኛው ሰው ይብስሃል።

የሳሪሷ እናት፦ ሦስት መስመር! በቃ ሦስት መስመር ነበር የሚፈጀው።

ጠመኔ፦ ሦስት መስመር ሲባዛ በ70፣ ሲባዛ በአምስት ክፍል። አስይው።

የሳሪሷ እናት፦ አምስቱም ክፍል ቢጠይቅማ ምን በወጣኝ። አንድ ልጅ ነው እኮ እጅ ያወጣው። ሌሎቹ 69 «ቁጭ በይ» ስትባል ሰምተው ጨርሰዋል።

ሰላም ይሻላል፦ እኔ ከጠመኔ ጋር ነኝ። በ1957 «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ የወጡት ልጆች ጠያቂ አልነበሩም? መጨረሻው ቀይ ሽብር ሆነ። ጠይቀን ጠይቀን ያተረፍነው እናት ማስለቀስ ነው። ዝም አይነቅዝም።

ጋሽ ስድሳ ስድስት፦ ልጄ፣ ቀስ። መሬቱ በየካቲት 1967 ታውጇል፤ ጭሰኛ የነበረ ገበሬ ሂድና «ባይጠየቅ ይሻልህ ነበር?» በለው። የጨረሰን ጠያቂ አይደለም። «መልሱ እኔ ጋ ነው፣ ሌላ ሰው አይናገር» ብሎ መሣሪያ ያነሳው ነው።

ሰላም ይሻላል፦ ጋሼ፣ ሁለቱም እኮ የአንድ ሰፈር ልጆች ነበሩ። ጠያቂውም፣ መሣሪያ ያነሳውም።

ጋሽ ስድሳ ስድስት፦ አንተን ቆይ። ጠመኔ፣ አንተ ግን መምህር ነህ አይደል? በየካቲት 1966 «ሴክተር ሪቪው» የሚባለው የትምህርት ጥናት የድሃ ልጅ ከታች ክፍል እንዳይዘልቅ ያደርጋል ብለው ሥራ ያቆሙት መምህራን ናቸው። ከታክሲው ጋር፣ ከተማሪው ጋር። ያኔ ቅንጦት ነው ያለ መምህር አላየሁም።

ጠመኔ፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ያኔ የመምህር ደሞዝ ቤት ለመከራየት ይበቃ ነበር፣ ሚስት ያስገባ ነበር። እኔ ከክፍል ስወጣ ቱቶር ለመሮጥ ነው ጠመኔዬን የማራግፈው። ሆድ ሲሞላ ነው ጥያቄ የሚወጣው።

የድሮ ተማሪ፦ ቱቶር? ገንዘብ ሲከፈልህ ይጠይቁሃል ማለት ነው?

ጠመኔ፦ አዎ፣ እዚያ አንድ ልጅ ነው። 70 አይደለም። ምኑ ነው የከበደህ?

የሳሪሷ እናት፦ ተመስገን፣ አመነ። ጥያቄ በሰዓት ስንት ብር ነው?

ሰላም ይሻላል፦ ከመምህሩ ውረዱ። ጋሼ አልመለሱልኝም። ጠያቂው ራሱ ከሆነስ በኋላ መሣሪያ ያነሳው?

ጋሽ ስድሳ ስድስት፦ እመልስልሃለሁ። መጀመሪያ አባትህ በየትኛው ወገን ነበሩ?

ሰላም ይሻላል፦ ይኸው! ጠየቅኩ፣ ወገኔን ተጠየቅኩ።

ጋሽ ስድሳ ስድስት፦ አልመለስክም።